የደርያ ቀጣይ ክፍል

ደርያን ከሚሴ ውስጥ የማያውቃት አልነበረም። ከሚሴን ግን ረግጣ አታውቅም፤ ከውጭ ተገዝቶ አማርኛ ድምፅ የተጫነበት ተከታታይ ድራማ ውስጥ ያለች ወላጅ አልባ ልጅ ናት። አጎቷ ቤት ትኖራለች፣ አጎትየው ይደበድባታል። እሷ በተደበደበች ቁጥር የኛ ሰፈር ሴቶች ሻሻቸው እስኪርስ ያለቅሳሉ። እኔ አላለቀስኩም፤ ሻሽ ነጋዴ ስለሆንኩ ግን እንባቸው አልጎዳኝም።

ሱቄ ከዙቤይዳ የልብስ ስፌት ቤት ጋር አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ይጋራል። ስለዚህ ስለሷ የማወራው በዓይኔ ያየሁትን ነው፤ ያላየሁትን ደግሞ በቆርቆሮው በኩል ሰምቼዋለሁ። ዙቤይዳ ሠላሳዎቹን የጀመረች፣ ልጅ ያልወለደች፣ ባሏ ጅዳ ሄዶ ፍቺውን በስልክ የላከላት ሴት ናት። ትምህርቷን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጣ ነው የስፌት መኪና ላይ የተቀመጠችው። ወሬ ትችልበታለች። ሆዷን ስባ ልክ የምትሰጥ ደንበኛ ከመጣች ጨዋታ ታስጀምራትና ሆዱ ሳይታወቅ ሲለቀቅ ጠብቃ ሜትሩን ታጠብቃለች፤ "አሁን ነው ልክሽ" ትላታለች። ደንበኛዋም ትስቃለች እንጂ አትቀየማትም።

የድራማው ነገር የመጣው ጣቢያው መሃል ላይ ሲያቋርጠው ነው። ደርያ ጓዳ ተቆልፎባት፣ አጎትየው ቀበቶውን እየፈታ ወደ በሩ ሲራመድ ማስታወቂያ ገባ። ከማስታወቂያው በኋላ ድራማው አልተመለሰም፤ በማግስቱም፣ በሳምንቱም አልተመለሰም። ከተማው ተቆጣ። የባጃጅ ሹፌር ሳይቀር "ያቺን ልጅ ምን አደረጓት?" እያለ ተሳፋሪ ይጠይቅ ነበር።

ዙቤይዳ ያኔ ነው የራሷን መጻፍ የጀመረችው። መጀመሪያ ለደንበኞቿ ማጽናኛ ብላ ነው፤ የቴሌግራም ቻናል ከፈተችና "የደርያ ቀጣይ ክፍል" ብላ ለቀቀች። ብዙም ሳይቆይ ከኮምቦልቻ፣ ከደሴና ከባቲ፣ ከዚያም አልፎ ከሪያድና ከቤሩት የሚያነቧት መጡ። ሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ልጆች ሥራቸውን ሲጨርሱ በድምፅ መልእክት "እህቴ፣ ቶሎ ልቀቂልን እንጂ" እያሉ ይለምኗት ነበር።

ሙያውን ቶሎ ለመደችው። አንባቢ የቀነሰ ሲመስላት አጎትየው ደርያን እንዲመታ ታደርጋለች። "ዛሬ ላስመታት ወይስ ነገ?" ብላ በቆርቆሮው በኩል እየሳቀች ትጠይቀኛለች። ዱላ ያለበት ክፍል ሲወጣ የልብና የእንባ ምልክቱ ይጎርፋል። ዱላውን ደግሞ ታሳምረዋለች። ውጭ ዝናብ ይዘንባል፣ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ አጎትየው ሰፈር እስኪሰማው ይጮሃል፣ ደርያ ፀጉሯ ተበትኖ በጉንጯ ላይ አንዲት እንባ ትወርዳለች። አንዲት ብቻ። "የተመታ ልጅ ንፍጥ የለውም እንዴ?" ብዬ ጠይቄያት ነበር።

"ንፍጥ ላይክ አያመጣም" አለችኝ።

ከሁሉም የተወደደው ግን ደርያ አጎቷን ይቅር ያለችበት ክፍል ነው። ዙቤይዳ ለዚያ ክፍል ከኛው አገር ነው የተበደረችው። እኛ ዘንድ ሰው ሰውን ሲበድል ሽማግሌዎች ተሰብስበው ዱዓ ያደርጋሉ። በዳዩ "አፉ በለኝ" ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ተበዳዩ "አፉ" ይላል፤ "አሚን" ከተባለ በኋላ ያንን ነገር ዳግም ያነሳ ሰው ዱዓ አፍራሽ ነው። ዙቤይዳ ይህን ሁሉ ወስዳ በማታውቀው አገር ለምትኖር ልጅ አለበሰቻት። ደርያ ዕድሜዋን ሙሉ ተመትታ ለጎረቤት አልተነፈሰችም፣ የቤቱን ገመና አልገለጠችም። በመጨረሻ አጎትየው እግሯ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። "አፉ" አለችው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ ልጁ አቀፋት። የዚያን ዕለት የዙቤይዳ ስልክ እስኪግል ድረስ መልእክት ሲገባ ዋለ። እኔም አነበብኩት፣ አሳምራ ነው የጻፈችው። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝም ማሳመሯ ነው።

ከአንባቢዎቿ ቀንደኛዋ መሊካ ናት፣ የማሾ ነጋዴው የሙሀመድኑር ሚስት። ሙሀመድኑር ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቶት የሚያውቅ የለም። ሚዛኑ አያጭበረብርም፣ ለመስጊዱ ምንጣፍ ያነጠፈው እሱ ነው፣ ገበሬ ማሾውን ተሸክሞ ሲመጣ ከዋጋ በፊት ውሃ ያቀርብለታል። ልጅ ስላልወለዱ ከሰንበቴ ወዲያ ካለ ገጠር የሩቅ ዘመዱን ልጅ ዓፊያን በጉዲፈቻ ወሰዱ። በኦሮሞ ወግ ጉዲፈቻ ውሰት አይደለም፤ ልጁ የወሰደው ሰው ልጅ ሆኖ ይቀራል፣ የወለደውም መልሶ አይጠይቅም። ዓፊያ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ከተማው ሁሉ እድለኛ ይላት ነበር።

መሊካ ከምሳ በኋላ ዓፊያ ዕቃ ስታጥብ ጓዳው ደጃፍ ላይ ትቀመጥና የዙቤይዳን ክፍል ጮክ ብላ ታነባለች። ይህን የነገረችን ራሷ ናት፣ ልጅቷን እንደ ማጫወት ቆጥራው። ዓፊያ ደርያን ከመውደዷ የተነሳ ሳህኑን እንደያዘች ፈዛ እንደምትቀርም ነግራናለች።

ነገሩ የተገለጠው በትምህርት ቤት ልብስ ሰበብ ነው። መሊካ ዓፊያን ልክ ለማስወሰድ ይዛት መጣች። ዙቤይዳ ሁልጊዜ እንደምታደርገው ሜትሩን ከአንገቷ ላይ መዝዛ ስትዘረጋው ልጅቷ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና ቁጢጥ አለች። መሊካ ሳቀችና "ፈሪ ናት" አለች። ዙቤይዳም ሳቀች። ጀርባዋን ስትለካ ግን እጇ ቆመ። በቀሚሱ ላይ ዳሰስ ያደረገችው ነገር ጤነኛ ጀርባ አልነበረም፤ ልጅቷም ትንፋሿን ይዛ ነው የቆመችው። መሊካ ስልክ ተደውሎላት ወደ ደጅ ወጣ ስትል ዙቤይዳ ዝቅ ብላ ማን እንደመታት ጠየቀቻት።

ዓፊያ ፈገግ አለች። በቆርቆሮው ሽንቁር አይቻታለሁ፤ ያንን ፈገግታ ምነው ባላየሁት። ዙቤይዳን "አዳዳ" ነበር የምትላት፣ በኦሮምኛ አክስቴ እንደማለት ነው።

"አዳዳ፣ አብሽሪ" አለቻት። "እኔም እንደ ደርያ አልናገርም። አባ የሚያለቅስበት ክፍል እስኪመጣ ነው።"

ዙቤይዳ ያን ቀን ከዚያ ወዲያ መኪናዋን አልነካችም። ሰው እየመጣ ቀሚሱን ሲጠይቅ "ነገ" እያለች ትመልሳለች። አመሻሽ ላይ እኔ ሱቅ መጥታ ጆንያ ላይ ተቀመጠችና "ሙሀመድኑር እኮ ነው" አለች፤ ደግማም "ሙሀመድኑር እኮ ነው" አለች። ያላመነችው ልጅቷን አይደለም። የደርያ አጎት ሲመጣ እግሩ ይሰማል፣ ቅንድቡ ይነሳል፣ ከኋላው ከበሮ ይመታለታል። እኔ በዕድሜዬ ከሚሴ ውስጥ ከበሮ የሚመታለት ክፉ ሰው አላየሁም። በነዚህ ድራማዎች ምክንያት ግን ሰው ሁሉ ከበሮ ካልሰማ ክፋት የለም ብሎ ተቀምጧል።

ዓፊያ ልብሱን ለመሞከር በተላከች ጊዜ ነገሩ ቁርጥራጭ ሆኖ ወጣ። ሙሀመድኑር አይቆጣም። የማሾ መጋዘኑን በር ይዘጋል፣ በለሰለሰ ድምፅ ጥፋቷን ይነግራታል፣ "ለራስሽ ብዬ ነው" ይላታል፣ ይመታታል፤ ከዚያ ታጥቦ ወደ ሶላቱ ይሄዳል። ጥፋቷ አንዳንዴ ውሃ መድፋት ነው፣ አንዳንዴ እሷም አታውቀውም። ዙቤይዳ መሊካ ያን ጊዜ የት እንደምትሆን ጠየቀቻት። ጓዳ ናት አለች ዓፊያ፤ ደርያን እያነበበች ታለቅሳለች።

ሰዒዳ ጋ ሂጂ አልኳት ዙቤይዳን። ሰዒዳ በከተማው የሕጻናትን ጉዳይ ይዛ የምትሠራ፣ ሁለታችንም ዘንድ የምትገዛ መነጽራም ሴት ናት። ቢሮዋ አስፋልቱ ዳር ነው፣ በሩ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ዙቤይዳ እምቢ አለች። እንዲህ ያለ ቤት ፖሊስ ገብቶ ልጅቷ የከተማ ወሬ ከምትሆን በሽማግሌ ይለቅ አለችኝ። ሽማግሌ ሲገባ ሰውየው ይደነግጣል፣ ያፍራል፣ ያለቅሳል፣ ይተዋል አለች። ከየት እንዳመጣችው ገብቶኛል፤ እሷም ገብቷታል መሰለኝ፣ ዓይኔን አላየችኝም። የጻፈችውን ነገር ብዙ ሰው ሲያምንላት እሷም አምናው ነበር።

ሸህ አብዱልጀሊል ዘንድ ሄደች። ሸሁ ቅን ሰው ናቸው፣ በሳቸው ላይ የምለው የለኝም። ነገሩን ሲሰሙ ደንግጠው እንቅልፍ እንኳ አልያዛቸውም ይባላል። ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ሙሀመድኑር ቤት ተሰበሰቡ፤ ሴቶቹ ደግሞ በመጋረጃው ወዲህ ተቀመጥን። ሙሀመድኑር አልካደም። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ተነስቶ ዓፊያ እግር ላይ ተደፋና እንባውን አፈሰሰው። ሸይጧን አሳስቶኝ ነው፣ አፉ በይኝ ልጄ አላት። መሊካ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ከጎኔ የነበረች ሴት "ወላሂ፣ ልክ እንደ ደርያ" ብላ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

ዓፊያ በመጋረጃው ክፍተት ዙቤይዳን ፈልጋ አገኘቻት። ፊቷ በርቶ ነበር። የምትጠብቀው ክፍል መጥቶላታል። "አፉ" አለች በጠራ ድምፅ፣ ቤቱም "አሚን" አለ። ዙቤይዳ ወደ ሱቅ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ እያለቀሰች ነበር፤ በደስታ ነው ያለቀሰችው።

ከዚያ በኋላ ዓፊያ ጠፋች። ትምህርት ቤት አልፎ አልፎ ትታያለች ይላሉ፣ በኛ በኩል ግን ማለፍ ተወች። አንድ ከሰዓት መሊካ ለሠርግ ቀሚስ ልታሰፋ ስትመጣ ዕቃ አሸክማ ይዛት መጣች። ልጅቷ ፌስታሉን በቀኝ እጇ ብቻ ይዛዋለች፣ ግራ እጇ ከሂጃቡ ስር አልወጣም። ዙቤይዳ እጇን ምን እንዳገኘው ጠየቀች። መሊካ ከጆንያ ክምር ላይ ወድቃ ነው አለች። ዓፊያ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ዙቤይዳ የሠርጉን ቀሚስ ልክ ስትወስድ ወገቡን ሦስቴ ለካችው፤ ሦስቴም የተለያየ ነገር አገኘች።

አሁን ወደ ሰዒዳ ሮጠች። ሰዒዳ አልዘገየችም። የጤና ባለሙያ ይዛ ቤቱ ድረስ ሄደች። ሙሀመድኑር ውሃ አቀረበላቸው። ዓፊያን ለብቻዋ አድርገው በኦሮምኛም በአማርኛም ጠየቋት። ወደቅኩ አለች። ሌላ ነገር አለ ወይ ሲሏት "አፉ ብያለሁ" አለች፤ ከዚህ በላይ አንድ ቃል ከአንደበቷ አልወጣም። ሽማግሌዎቹ ነገሩ በዱዓ ያለቀ ነው ብለው መሰከሩ። ሰዒዳ መነጽሯን እያወለቀች እያደረገች ዙቤይዳ ሱቅ መጥታ አንድ ቃል፣ ከልጅቷ አንድ ቃል ብቻ እንደሚበቃት ነገረቻት። እስከዚያው ጉዳዩን እንደማትዘጋውም ነገረቻት።

ዙቤይዳ ወደ ሸህ አብዱልጀሊል ተመለሰች። ሸሁ ዱዓውን እኔው ራሴ ላፍርሰው ወይ ብለው ጠየቋት፤ ለክርክር አይደለም የጠየቁት፣ ጨንቋቸው ነው። ሙሀመድኑርን ለብቻው እመክረዋለሁ አሉ፣ መከሩትም። እንደገና አለቀሰ። የዚያ ሰውዬ እንባ መቼም አያልቅም።

በሰንበቴ ገበያ ቀን ሱቋን ዘግታ ሚኒባስ ተሳፈረች። የዓፊያን ወላጅ አባት ጀይሉን ፍየልና ግመል በሚሸጥበት ሜዳ ላይ አንድ ፍየል በገመድ ይዞ ቆሞ አገኘችው። ሁሉን ነገረችው። ሰውየው የፍየሉን ገመድ እጁ ላይ ጠመጠመ። ከዚያ "ኢንተለኮ፣ ልጄ ናት፣ ወልጃታለሁ" አላት። "ሰጥቻታለሁ ደግሞ። አሁን ሄጄ የሰው ልጅ አምጣ ብለው አገሩ ምን ይለኛል?" እንባው በጺሙ ላይ እየወረደ ነበር፤ ገመዱን ስለያዘ አልጠረገውም። ዙቤይዳ ስትመለስ ይህን ስትነግረኝ ሰውየውን እንድረግመው ጠበቀች። እኔ የረገምኩት ሌላ ሰው ነው።

በሩ ሁሉ ሲዘጋባት ወደዚያ ቤት የሚያስገባት አንድ መንገድ ብቻ እንደቀረ ገባት። የመሊካ ስልክ ነው። አብቅቶ የነበረውን ታሪክ ከፈተችና አዲስ ክፍል ጻፈች። በዚያ ክፍል ዝናብ የለም፣ ጩኸትም የለም። አጎትየው በሩን ቀስ ብሎ ይዘጋል፣ በለሰለሰ ድምፅ ይናገራል። ደርያ ንፍጧ ይወርዳል፣ ሽንቷ ሱሪዋ ላይ ያመልጣታል። ካለቀ በኋላ ደርያ ጎረቤት ሄዳ ሁሉን ትናገራለች፤ አፉ ያልኩት ላለፈው ነው፣ ለሚመጣው አላልኩም ትላለች። ዙቤይዳ ያን ክፍል ከምሳ በኋላ፣ ዕቃ በሚታጠብበት ሰዓት ለቀቀችው።

ያኔ የሰውን ሌላ ፊት አየን። አንባቢ ሁሉ ተነሳባት። ቆሻሻ ጻፍሽ አሏት። ደርያን አዋረድሻት፣ ዱዓ አፍራሽ አደረግሻት፣ ይህን ለማንበብ ነው እንዴ የመጣነው አሏት። ልጅቷ በሚያምር ዝናብ ስትመታ ሲያለቅሱ የከረሙ ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹ ቻናሉን ጥለው ወጡ። ከሪያድ ብቻ አንዲት ልጅ የድምፅ መልእክት ላከች፤ ስሟን አናውቀውም። መጀመሪያ ላይ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው፣ ከዚያ "ይሄኛው እውነት ነው" ትላለች፣ ያበቃል። ዙቤይዳ ደጋግማ ከፍታ ትሰማው ነበር፤ በቆርቆሮው በኩል እኔም እሰማለሁ።

መሊካ በማግስቱ የሠርግ ቀሚሷን ልትሞክር መጣች። ተቆጥታ ነው የመጣችው። ከመሃል ደርሼ ዘጋሁት አለች፤ ሆዴን አመመኝ፣ ለምን አበላሸሽው አለች። ዓፊያ ከኋላዋ ፌስታል ይዛ ቆማለች። ከዙቤይዳ ቀድማ ዓፊያ ተናገረች። መሊካ ባለችበት ሳትጠየቅ ስትናገር ያን ቀን ብቻ ነው የሰማኋት።

"ከዚያስ? ደርያ ምን አለች?"

ዙቤይዳ መርፌዎቹን ከከንፈሯ አወጣች። መሊካ ፊቷ ቆማለች፣ ቀሚሱ ግማሹ በመርፌ ተይዟል። ቀሪውን በቃሏ ነገረቻት፤ ደርያ እንዴት እንደተናገረች፣ ጎረቤቷ እንዴት እንዳመነቻት፣ ከዚያ ቤት እንዴት እንደወጣች። እኔ በወዲህ በኩል የያዝኩትን ሻሽ ጨብጬ ልጅቷ አንድ ቃል እንድትል ረቢን እለምን ነበር። አንድ ቃል ብቻ።

"ይህቺ ደርያ አይደለችም" አለች ዓፊያ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። "ደርያ እንዲህ አትልም። አዳዳ፣ አበላሸሻት።"

"የፊተኛው ነው ውሸቱ፣ ኢንተለኮ" አለቻት ዙቤይዳ። "እኔ ነኝ የዋሸሁት። ሰው እንዲወደው ብዬ ነው።"

"አባ ግን አልቅሷል" አለች ዓፊያ። "አይቼዋለሁ።"

መሊካ ቀሚሱን ከነመርፌው አውልቃ ጣለችና የልጅቷን ቀኝ እጅ ይዛ ወጣች። ምን እንደሰማች፣ ምን እንደገባት እስከ ዛሬ አላውቅም። ፊቷ ግን ነጥቶ ነበር። ዙቤይዳ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ንፍጧን በቀሚሷ ጠርዝ እየጠረገች።

ከዚያ ወዲያ ዓፊያ ሱቁ ደጃፍ እንዳትደርስ ተከለከለች። ግን አንድ ነገር ቀረ። ዙቤይዳ ቻናሉ ውስጥ የቀሩትን ሰዎች ስም ስታይ መሊካ አልወጣችም። የደርያን መጨረሻ ሳታውቅ መውጣት ከበዳት፣ ወይም ሌላ ነገር ከበዳት። ዙቤይዳ ያበላሸችውን ክፍል አጠፋችና እንደ አዲስ ጀመረች። አሁን በቀስታ ነው የምትጽፈው። በመጀመሪያው ክፍል ደርያ አጎቷ ማልቀሱን ታምናለች፣ እጇ ግን ያማታል፤ ሌላ ነገር የለም። በሚቀጥለው አፉ ካለች በኋላ ሰው ለምን እንደሚመታ ማንን እንደምትጠይቅ ታስባለች፤ ማንንም አትጠይቅም። ከዚያ መንገዱ ማዶ አረንጓዴ በር እንዳለ ታያለች፣ ከበሩ ውስጥ መነጽር ያደረገች ሴት ተቀምጣለች።

እኔ ትዕግሥት የለኝም፣ ተጣላኋት። ልጅቷ በየቀኑ እየተመታች አንቺ እግሯን አንድ አንድ እያልሽ ታራምጃለሽ፣ ቶሎ አናግሪያት እንጂ አልኳት። ዙቤይዳ ከስልኳ ላይ ቀና አላለችም።

"ካፈጠንኩ አታምነኝም" አለች። "አንዴ አፍጥኜ አይተሻል። እኔ ይህን ሳላውቅ ቀርቼ ነው እንዴ? እያንዳንዱ ክፍል አንድ ቀኗን ይበላባታል።"

ሰው ሰራሽ ታሪክ ሰው ሲያድን ሰምቼ አላውቅም። ሲጎዳ ግን አይቻለሁና ምናልባት የገባበት መንገድ ያስወጣው ይሆናል ብዬ ተውኳት። ቻናሉ ውስጥ የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ምልክት የሚያደርግ የለም። ሪያድ ያለችው ብቻ አንዳንዴ ምንም ሳትናገር ትንፋሿን ትልካለች። መሊካ ታንብብ አታንብብ፣ ጮክ ትበል ወይም በልቧ ትያዘው፣ የምናውቅበት መንገድ አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ አትክልት ተራ ሽንኩርት ስገዛ ዓፊያን ከአጠገቤ አገኘኋት። ብቻዋን ተልካ ነው። ሰላም ተባባልን። ግራ እጇ አሁንም ቀና አይልም። የምናገረው ጠፋኝና ደርያ እንዴት እንደሆነች ጠየቅኳት። ወደ ግራ ወደ ቀኝ አየች።

"ትናንት በሩ ድረስ ሄዳለች" አለችኝ። "መያዣውን ነክታ ተመለሰች።"

እንግዲህ መሊካ ጮክ ብላ ታነባለች ማለት ነው። ፊቴን እንደ ሽንኩርት ገዢ አድርጌ ቆምኩ። ዓፊያ ሽንኩርቷን ከፍላ አቀፈች፣ ሄደች፣ ሁለት ሦስት እርምጃ ተራምዳ ተመለሰች። ወደ አስፋልቱ፣ ወደ ሰዒዳ ቢሮ በኩል እያየች ነበር።

"ያ አረንጓዴ በር ስንት ሰዓት ይዘጋል?" አለችኝ።

አሥራ አንድ ተኩል አልኳት። ሰዓት እንደሚያሰላ ሰው ፀሐይዋን ቀና ብላ አየች። ሽንኩርቱን አጥብቃ ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። ተከትዬ ልይዛት፣ ተሸክሜ ልወስዳት ፈልጌ ነበር፤ ዙቤይዳ ካፈጠንኩ አታምነኝም ያለችኝን አስቤ እግሬን ያዝኩት። ከዚያ ወደ ሰዒዳ ሮጥኩ። ሰዒዳ ሰምታኝ ወንበሯን ከጠረጴዛው ጀርባ አንስታ ከአረንጓዴው በር ውጭ፣ ከመንገዱ በሚታይበት ቦታ አስቀምጣ ተቀመጠች። ዙቤይዳም መኪናዋን ትታ መጣች። አሥራ አንድ ተኩል አለፈ፣ የመግሪብ አዛን ተባለ፣ ሚኒባሶቹ መብራታቸውን አበሩ።

ያን ቀን አልመጣችም። ዙቤይዳ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የሚቀጥለውን ክፍል መጻፍ ጀመረች፤ ሰዒዳም በማግስቱ ወንበሯን አወጣች።